በሐምሌ የሚቆጠረው ችግኝ፣ በታኅሣሥ የሚያንቀላፋው ዘር

በኢትዮጵያ የችግኝ ዜና የሚነገረው በሐምሌ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ጀምበር ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተገለጸ፤ ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም ደግሞ ቁጥሩ ከ566 ሚሊዮን በላይ መድረሱ ተነገረ። ከየዘመቻው ማግስት የሚነሣው ክርክርም የታወቀ ነው፤ ከተተከለው ስንቱ ጸደቀ ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከጽድቀት ጥያቄ በፊት ሊነሣ የሚገባው፣ ግን እምብዛም የማይነሣ ሌላ ጉዳይ አለ። ወደ ጉድጓዱ የወረደው ችግኝ የየትኛው ዛፍ ነው? ያልወረደውስ ለምን ቀረ?

መልሱ የሚወሰነው ከተከላው ስድስትና ሰባት ወር ቀደም ብሎ፣ በችግኝ ጣቢያ መደብ ላይ ነው። በታኅሣሥና በጥር ተዘርቶ በሁለትና በሦስት ሳምንት ብቅ የሚለው ዘር ለሐምሌ ይደርሳል፤ መደብ ውስጥ ገብቶ ዝም የሚለው ግን ከዕቅዱ ይወጣል። ባህር ዛፍና ግራቪሊያ ዝም አይሉም። ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥድ፣ ዋንዛና ብዙዎቹ የግራር ዝርያዎች ግን ዝም ይላሉ፤ ወይም ዛሬ ሦስት፣ ከወር በኋላ አምስት እያሉ በየተራ ይበቅላሉ። የአገር በቀል ዛፎች በዘመቻው ያላቸው ድርሻ በተነሣ ቁጥር የሚቀርበው ምክንያት የዘር እጥረት ነው። እጥረቱ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ዘሩ በእጅ እያለም የማይበቅልበት ምክንያት አለ፤ ይህም በግብርና ትምህርት ውስጥ የዘር እንቅልፍ የሚባለው ነው።

የእንቅልፋም ዘር እውቀት ጎተራ ያለው ከመዲናዋ ርቆ አይደለም። ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ፣ ቀላል ባቡሩ በሚያልፍበት ጉርድ ሾላ አካባቢ፣ የደን ምርምር ማዕከሉ ለአሥርት ዓመታት የዛፍ ዘር ሲሰበስብ፣ ሲፈትሽና ለአገሪቱ የችግኝ ጣቢያዎች ሲያከፋፍል ኖሯል፤ ሥራው ዛሬ በኢትዮጵያ ደን ልማት ሥር ይገኛል። በዚያው አካባቢ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ በተለምዶ ኢልሪ የሚባለው፣ ወደ 19 ሺህ የሚጠጉ የመኖ ዕፅዋት ናሙናዎችን የያዘ የዘር ባንክ አለው። የጥምር ደን ግብርና ምርምር ማዕከሉ ኢክራፍም ቢሮው በዚሁ ግቢ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በኖርዌይ ድጋፍ የተጀመረውንና ለኢትዮጵያ ጥራት ያለው የዛፍ ዘር በበቂ መጠን ለማቅረብ የታለመውን ፕሮጀክት ያስተባበረው እርሱ ነው። የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ከቦሌ አየር ማረፊያና ከአዳዲስ ሕንፃዎቹ ባሻገር የአገሪቱ የዘር እውቀት የተከማቸበት ሰፈር መሆኑን የሚያውቅ የከተማዋ ነዋሪ ብዙ አይመስልም።

የዘር እንቅልፍ በሽታ አይደለም። ዘሩ ሕያው ነው፤ ውሃና ሙቀት ቢያገኝም አልበቅልም ይላል። በተፈጥሮ ዓይን ሲታይ ይህ ብልኃት ነው። በየካቲት የጣለ አንድ ካፊያ ዘሩን ሁሉ ቢያበቅለው፣ በመጋቢት ፀሐይ ሁሉም ይጠወልግ ነበር። ስለዚህ ዘሩ ይጠብቃል፤ እኩሉ ዘንድሮ፣ እኩሉ ለከርሞ ይበቅላል። ገበሬው ይህን ጠባይ በማሳው ያውቀዋል። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ለሺህ ዓመታት በሰው እጅ ሲመረጡ ይህንን ጠባያቸውን በአመዛኙ ትተዋል፤ በተዘሩ በቀናት ውስጥ አብረው ይበቅላሉ። በስንዴ ማሳ መካከል የሚበቅለው ሲናር ግን አልተወውም፤ ዘንድሮ ቢታረም በአፈር ውስጥ ያንቀላፋው ለከርሞ ይነሣል። በደቡብ ኢትዮጵያ የእንጨት ቦዬ የሚባለው ካሳቫም ዘሩ እንቅልፋም ነው፤ ነገር ግን ገበሬው የሚተክለው ግንዱን እየቆረጠ ስለሆነ ችግሩ የሚያጋጥመው አዲስ ዝርያ ለሚያዳቅለው ተመራማሪ ብቻ ነው። የደን ዛፍ ግን ሁለቱንም ዕድል አላገኘም። በሰው እጅ አልተገራም፤ በቁርጥራጭ ማባዛቱም ለአብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ቀላል መንገድ አይደለም።

እንቅልፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱም አንድ በሆነ ነበር። የግራር እንቅልፍ ከቅርፊቱ ነው። ቅርፊቱ ውሃ አያስገባም፤ ዘሩ በእርጥብ አፈር ውስጥ ደረቅ ሆኖ ይቀመጣል። መፍትሔውም ቅርፊቱን መክፈት ነው። በትንሽ መጠን ለሚዘራ ሰው ጥፍር መቁረጫ ይበቃል፤ ከሽሉ በተቃራኒ ባለው ጫፍ ቅርፊቱን በጥቂቱ ገመጥ ማድረግ ነው። ብዙ ከሆነ ውሃ አፍልቶ፣ ከእሳት አውርዶ፣ ዘሩን ጨምሮ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ለአንድ ሌሊት መተው ይቻላል። በማግስቱ ያበጠው ዘር ውሃ ገብቶታል፤ ሳያብጥ የቀረው እንደገና ይደገማል። ዘሩን ከነውሃው እሳት ላይ ጥዶ ማፍላት ግን መቀስቀስ ሳይሆን መቀቀል ነው፤ የዚህ ስሕተት ዋጋ የሚታወቀው መደቡ ባዶ ሆኖ ሲቀር ነው። በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ የብርጭቆ ወረቀት ለብዶ ዘሩን መናጥም ይሠራል። በላቦራቶሪ የሚመረጠው ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ቅርፊቱን በደቂቃዎች ይበላል፣ የሰውንም ቆዳ እንዲሁ፤ ስለዚህ ለወረዳ ችግኝ ጣቢያ የሚመከር አይደለም። ፍየሎች ግን ከሁሉም ቀድመው ያውቁበታል። የግራሩን ፍሬ ከነቅርፊቱ በልተው በሆዳቸው አለስልሰው ከፋንድያ ጋር ይጥሉታል፤ በበረት ዙሪያ ማንም ሳይዘራው የሚበቅለው ግራር ከዚህ የመጣ ነው።

የወይራ ችግር ሌላ ነው። ዘሩ እንደ አጥንት በጠነከረ ቅርፊት ውስጥ ተዘግቷል፤ ውሃ ቢገባው እንኳ ሽሉ ገፍቶ ለመውጣት ይቸገራል። ሥጋው ተልጦ፣ ታጥቦ፣ ቅርፊቱ በጥንቃቄ ሲሰነጠቅ ብቅለቱ በእጅጉ ይሻሻላል። ጥንቃቄው ቀልድ አይደለም፤ በድንጋይ ሲመታ ቅርፊቱም ሽሉም አብረው ከተፈጩ የተረፈ ነገር የለም። ዝግባም ድንጋይ የሚመስል ልባስ አለው፤ ያለ ምንም ዝግጅት ከተዘራ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመትን ይፈልጋል፤ የበቀለውም ቀስ ብሎ ያድጋል። ዋንዛ ጣፋጭና ተጣባቂ ሥጋው በደንብ ታጥቦ ካልወጣ ይሻግታል፤ ከታጠበ በኋላም ብቅለቱ የተዘበራረቀ ነው። የጥድ ነገር ደግሞ ከእንቅልፍ ይልቅ የማታለል ያህል ነው። ፍሬው ያማረ ይመስላል፤ ብዙው ዘር ግን ውስጡ ባዶ ነው። ባዶውን ለሳምንታት ውሃ ማጠጣት ድካም ብቻ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ጥቂቱን ቆርጦ ማየት፣ ወይም ውሃ ላይ በትኖ የተንሳፈፈውን ማስወገድ ይጠቅማል።

ከእነዚህ ሁሉ በተቃራኒ የቆመ ዛፍም አለ። ጥቁር እንጨት እንቅልፍ አያውቅም፤ የእርሱ ጠላት መድረቅና መዘግየት ነው። ፍሬው ተለቅሞ፣ ታጥቦ ትኩሱን ካልተዘራ ይሞታል። በጆንያ ታሽጎ በመጋዘን ወራት ያሳለፈ የጥቁር እንጨት ዘር ቢዘራ የሚበቅል ነገር እምብዛም አይገኝም። ኮሶም በራሱ መንገድ ይቸግራል። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ አፈር ከተጫነው አይወጣም፤ መደቡ ላይ በስሱ ተበትኖ ብርሃን እያገኘ መቆየት አለበት። ወንዴና ሴቴ ዛፉ የተለያየ በመሆኑም ለቃሚው የትኛው ዛፍ ሥር መቆም እንዳለበት ማወቅ ይኖርበታል። አንድ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ እነዚህን ሁሉ ዘሮች ተረክቦ ሁሉንም በአንድ ዓይነት መንገድ ከዘራ፣ አንዳንዱ በመዘግየቱ፣ አንዳንዱ በመጠበቁ፣ አንዳንዱም በመቀበሩ ይጠፋበታል።

ይህ ሁሉ አዲስ ግኝት አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ በዝግባ፣ በወይራና በሌሎች አገር በቀል ዛፎች ዘር አበቃቀል ላይ ለዓመታት ምርምር አድርገዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ኢትዮጵያ አገር በቀል ዛፎች አፈላል የሚያስረዳ መጽሐፍም አሳትመዋል። ፕሮፌሰር ደመል ተከታይም በደጋ ደኖች ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ዘር ላይ የሠሯቸው ጥናቶች፣ የትኛው ዘር በፍል ውሃ፣ የትኛው በመፋቅ፣ የትኛው በብርሃን እንደሚነሣ በዝርዝር ያሳዩ ናቸው። አንባቢ በእመጓ ልብ ወለዱ የሚያውቀው ዓለማየሁ ዋሴ (ዶ/ር) ደግሞ በሙያው የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ በቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ ባደረጋቸው ጥናቶች፣ የአብዛኞቹ ትልልቅ ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ለረጅም ጊዜ እንደማይቆይ አሳይቷል። የዚህ ትርጉም ከባድ ነው። ከቅጥሩ ውጭ ያለው መሬት ከተራቆተ በኋላ አጥር ቢታጠርለት፣ ከአፈሩ ሥር የሚነሣ የወይራና የዝግባ ሠራዊት የለም ማለት ነው። ዘሩ በሰው ወይም በወፍ መምጣት አለበት። በሰው ከመጣ ደግሞ በችግኝ ጣቢያ በኩል ማለፉ ስለማይቀር፣ ነገሩ ተመልሶ ወደ መደቡ ይመጣል።

እውቀቱ ካለ፣ መሣሪያውም ጥፍር መቁረጫና ጀበና ሙሉ ፍል ውሃ ከሆነ፣ ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ችግሩ የቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። የችግኝ ዕቅድ በዚህ ዓመት ውስጥ ይወጣል፣ በዚህ ዓመት ውስጥ ይገዛል፣ በዚህ ዓመት ውስጥ ሪፖርት ይደረጋል። ለባህር ዛፍ ይህ በቂ ነው። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ፣ ያለ ዝግጅት የሚበቅል፣ በጥቂት ወራት ለተከላ የሚደርስ ነው። ዝግባ ግን ለመብቀል ብቻ የሚፈልገው ጊዜ የበጀት ዓመቱን ሊበላ ይችላል፤ ለተከላ ብቁ የሚሆን ቁመት ላይ ለመድረስ ደግሞ ሁለት ክረምት ማየት አለበት። ሰኔ ላይ አንድ ስንዝር ያልሞላ ችግኝ የያዘ ጣቢያ በሪፖርቱ ላይ ያልሠራ ይመስላል። ስለዚህ የጣቢያው ኃላፊ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚዘራ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ዋጋውም እንዲሁ ነው። ችግኝ በቁጥር ሲቆጠርና በቁጥር ሲገዛ፣ የአራት ወር ችግኝና የሃያ ወር ችግኝ እኩል አንድ አንድ ናቸው። ለሃያ ወር የተከፈለው የውሃ፣ የጥላ፣ የአረምና የጥበቃ ዋጋ ግን እኩል አይደለም። በየቀበሌው ተደራጅተው ችግኝ የሚያፈሉ ወጣቶችም ሆኑ የግል አፍዪዎች ቶሎ ወደሚሸጠው ማዘንበላቸው ስንፍና ሳይሆን ሒሳብ ነው። ቡና፣ አቮካዶና ማንጎ በዘመቻው ሰፊ ቦታ መያዛቸውም በዚሁ ይገለጻል፤ ገዥ አላቸው፣ ፍሬም ይሰጣሉ።

እንቅልፋም ዘር ራሱ እንቅፋት አለመሆኑን፣ እንቅፋቱ ማበረታቻው መሆኑን የሚያሳይ አንድ ግልጽ ማስረጃ በአማራ ክልል አለ። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የአውስትራሊያ ግራር በስፋት ያለማሉ። በመጀመሪያው ዓመት በጤፍ ወይም በሌላ ሰብል መካከል ይተክሉታል፤ በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጠው ከሰል ያከስሉታል፤ መሬቱንም መልሰው ለሰብል ያውሉታል። የዲከረንስ ዘር ከአገሬው ግራር ያልተናነሰ ጠንካራ ቅርፊት አለው፤ ሙቀት ካልነካው በወጉ አይበቅልም። ገበሬው ግን ዘሩን ማንቃት ተማረ፤ ችግኝ ማፍላት በራሱ መተዳደሪያ ሆነ። ለዚህ ትልቅ ሥልጠና አላስፈለገም፤ የከሰል ገበያው ይበቃ ነበር። ለዲከረንስ የተቻለው ለአገሬው ግራር የማይቻልበት የሥነ ሕይወት ምክንያት የለም።

የአዊ ታሪክ ሌላ ገጽም አለው። በቅርብ ዓመታት ዝገት የሚባለው የፈንገስ በሽታ በዲከረንሱ ላይ ወርዶ የብዙ ገበሬዎችን ልማት አጥቅቷል። አንድ ዝርያ ብቻ የሸፈነው ቀበሌ በአንድ በሽታ ይናጋል። ይህ ለባህር ዛፍም ሆነ ለሌላ ለማንኛውም ዛፍ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ ነው። ባህር ዛፍን እንደ ጠላት መቁጠር ግን ፍትሐዊ አይደለም። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባን ከማገዶ ረሃብ ያወጣት፣ ዛሬም የብዙ ገበሬ ቤተሰብ የክፉ ቀን ጥሪት ሆኖ የቆመው እርሱ ነው። ጥያቄው እርሱ ለምን ተተከለ ሳይሆን፣ ከጎኑ ሌላው ለምን አልተተከለም ነው።

በመኖ በኩል የተሞከረው ለደኑ ትምህርት ይሆናል። ትሪ ሉሰርን ከካናሪ ደሴቶች የመጣ፣ ብርድ የሚችል የመኖ ዛፍ ነው፤ በደጋው ገበሬ ዘንድ ለበግና ለከብት ተፈላጊ ሆኗል። ዘሩ ድንጋይ ነው። በኢልሪ የተመራው አፍሪካ ራይዚንግ የተሰኘው ፕሮግራም በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በባሶና ወራና ወረዳ ካስተዋወቃቸው መኖዎች አንዱ ይኸው ዛፍ ነበር። ይህን ዛፍ ማስተዋወቅ ማለት ዘር ማደል ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ፍል ውሃውንም አብሮ ማስተማር ግድ ይላል፤ አለበለዚያ የታደለው ዘር መሬት ውስጥ ይቀራል። የዘር ባንኩም ቢሆን የጥራጥሬ ቤተሰብ የሆኑ የመኖ ዘሮችን ሕያውነት ሲፈትሽ ቅርፊታቸውን ፍቆ ወይም ቆርጦ ነው የሚጀምረው። እንቅልፋሙን ሙት ብሎ መመዝገብ ለዘር ባንክ ትልቅ ስሕተት ነውና። በችግኝ ጣቢያ መዝገብ ግን ያልበቀለ ሁሉ «የማይበቅል ዘር» ተብሎ ሲጻፍ ይስተዋላል፤ ያ ጽሑፍ በማግስቱ ዘሩን ላለማዘዝ ምክንያት ይሆናል።

ጉዳዩ የገጠር ብቻ እንዳይመስል ወደ ምሥራቅ አዲስ አበባ መመለስ ያስፈልጋል። ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም መባቻ የተመሠረተው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ የቦሌ አራብሳና የአያት የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ ቦሌ ቡልቡላ፣ ሁሉም ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት የጤፍና የስንዴ ማሳ ነበሩ። በማሳዎቹ መካከል እዚህም እዚያም የቆሙ ግራሮች ነበሩባቸው። ሕንፃው ሲመጣ ዛፎቹ ሄዱ። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የተፋጠነው የኮሪደር ልማት ደግሞ የከተማዋን ዋና ዋና ጎዳናዎች፣ የቦሌንና የመገናኛን መስመር ጨምሮ፣ በሣር፣ በአበባና በዛፍ እያስዋበ ነው። በጎዳና ዳር የሚተከል ዛፍ ተመርጦ የሚመጣው በችግኝ ጣቢያ ካለው ነው፤ እዚያ የሌለውን ማንም መሐንዲስ በንድፉ ላይ ሊያሰፍረው አይችልም። ሃምሳና ስድሳ ዓመት የሚቆይ ጥላ ያለው ወይራ ወይም ዝግባ ለመንገድ ዳር ከተፈለገ፣ ትእዛዙ መሰጠት ያለበት ኮንክሪቱ ሲፈስ ሳይሆን ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የከተማዋ የውበት ሥራ ፍጥነት የሚመሰገንበት ነገር ነው፤ ዝግባ ግን ለፍጥነት አይታዘዝም።

ምን መደረግ አለበት የሚለው በአብዛኛው ከቴክኒክ ይልቅ የአሠራር ጉዳይ ነው። የመጀመሪያውና ዋናው የችግኝ ውል ሁለት በጀት ዓመት እንዲሻገር መፍቀድ ነው። ለቀርፋፋ አገር በቀል ዛፎች የተለየ ውል ቢኖር፣ ክፍያውም በከፊል ሲበቅል፣ በከፊል ለተከላ ሲደርስ ቢከፈል፣ አፍዪው የሃያ ወር ሸክሙን ብቻውን አይሸከምም። ዋጋው በዕድሜና በዝርያ ቢለይ፣ ቁጥሩ ቢቀንስም የሚተከለው ይለወጣል። ከዘር ማዕከል የሚወጣ እያንዳንዱ የዘር ከረጢት ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በተቀባዩ ወረዳ ቋንቋ፣ ዘሩ የተለቀመበት ቀንና ከመዘራቱ በፊት ምን እንደሚደረግለት የሚገልጽ ወረቀት መታሰሩ የሚያስወጣው ወጪ ከወረቀቱ ዋጋ አይበልጥም። የሪፖርት ቅጹ ላይም «የተዘራ» እና «የተተከለ» በሚሉት መካከል «የበቀለ» የሚል አምድ ቢጨመር፣ የት ላይ እንደሚጠፋ ይታወቅ ነበር። አሁን ባለው ቁጥር ዘር በመደብ ውስጥ ሲሞት የሚያይ የለም።

የእናት ዛፍ ጉዳይም አብሮ መታየት አለበት። ከአንድ ብቸኛ ዛፍ ሥር የተለቀመ ዘር የሚያፈራው ደን በዘር ጠባብ ይሆናል፤ በዝገቱ የታየው ዓይነት አደጋም ይሰፋል። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር፣ በየካ ተራራ ጥጋጥግ፣ በአሮጌ ግቢዎች የቆሙት ጥዶችና ወይራዎች በመንገድ ሥራና በግንባታ ከመጥፋታቸው በፊት ተመዝግበው ዘራቸው መለቀም አለበት። የምሥራቅ አዲስ አበባ ግንባታ የሚራመድበት ፍጥነት ለዚህ ረጅም ጊዜ አይሰጥም።

በሌላ በኩል የሚነሣ ክርክር አለ፤ የተራቆተ መሬት ዝግባን አይሸከምም፣ መጀመሪያ ቶሎ የሚያድገው ይሸፍነው፣ አገር በቀሉ በኋላ ይመጣል የሚል ነው። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው። ዝግባ በልጅነቱ ጥላ ይወዳል፤ በተጋለጠ ገደል ላይ ብቻውን መትከል ገንዘብ ማባከን ነው። ነገር ግን «በኋላ» የተባለው ጊዜ ሲደርስ ችግኙ ዝግጁ ይሆን ዘንድ ዛሬ መዘራት አለበት። ግራር ደግሞ ለዚህ ክርክር አይገዛም። ራሱ ቀዳሚ ዛፍ ነው፤ ፀሐይና ደረቅ መሬት ይችላል፣ ናይትሮጂን ከአየር ወስዶ አፈሩን ያለማል፣ በሰብል መካከልም ይቆማል። የሚለምነው አንድ ሌሊት የሚያድርበት ፍል ውሃ ብቻ ነው። ከቀርፋፎቹ ጋር ተደምሮ መዘንጋቱ ከሁሉም በላይ ሊብራራ የማይችለው ነገር ነው።

በመጪው ታኅሣሥ በየችግኝ ጣቢያው መደብ ይዘጋጃል፣ ከረጢት በአፈር ይሞላል። ያኔ የሚዘራው ግራር በወጉ ከታከመ በሚቀጥለው ሐምሌ ለተከላ ይደርሳል። በዚያው ቀን ከጎኑ የሚዘራው ዝግባ የሚደርሰው ከዚያ ቀጥሎ ለሚመጣው ክረምት ነው፤ ዘሩ የተገዛበት በጀት ግን ሰኔ 30 ይዘጋል።